አሥራ ዘጠነኛዋ ላም

ደመላሽ አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ሠልጥኖ ሲመለስ ይዞ የመጣው አንድ ላፕቶፕና ብዙ ቃል ነበር። ሥልጠናው ስለ ባለጸጋ ቤተሰቦች የሀብት አያያዝ ነው። እውነትም አባቱ ጋሽ እንዳላማው ባለጸጋ ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የእህል መጋዘን፣ ሁለት አይሱዙ፣ ሉማሜ ላይ የሚከራይ ቤት፣ ቁይ ዙሪያ ደግሞ በየገበሬው ቤት የተበተነ ከብት አላቸው። ደመላሽ ይህን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ አሰፈረና ቤተሰቡን ሳሎን ሰብስቦ ያብራራ ጀመር። እህቱ የብርጓል ማዛጋቷ እንዳይታይባት አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«ሀብት አንድ ቦታ አይከማችም» አለ። «እህሉ ቢነቅዝ ወርቁ አለ፤ ወርቁ ቢረክስ አክሲዮኑ አለ። የርቢ ከብቶቹ ግን የተኛ ሀብት ናቸው።»

ርቢ ማለት ላም ያለው ለሌለው ሰጥቶ ማርባቱ ነው፤ ወተቱ የአርቢው፣ ጥጃው የጋራ ይሆናል። ጋሽ እንዳላማው እንዲህ የሰጧቸው ሃያ ሦስት ላሞች አንዳቸውም በወረቀት አልሰፈሩም፤ ሁሉም በጭንቅላታቸው ነው ያሉት። እሳቸው ሲናገሩ ደመላሽ ጻፈ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና፣ «የሥራነሽም… እሷም በስሜ ናት» አሉ። ደመላሽ ይህንንም ጻፈ። ለምን ዝም እንዳሉ መጠየቅ አልታየውም፤ ሥልጠናው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተነሣም።

«እንግዲህ እንዳሻህ፤ ብቻ እስክመለስ አትቸኩል» አሉትና ለሚያማቸው እግር ጠበል ወረዱ።

እሱ ግን ቸኮለ። ሊሠራ የታሰበ አንድ ትልቅ ሆቴል የአክሲዮን ሽያጩን በወሩ መጨረሻ ሊዘጋ ነበር። በገበያ ቀን ቁይ ሄደና አርቢዎቹን ሁሉ ለሽያጭ ላሞቹን ይዘው እንዲመጡ አስጠራ። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ ለመነ። ሥራነሽ ግን ሁለቱንም አላደረገችም። ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳውን ያለፈች ሴት ናት። ቡሬ የምትላትን ላሟን ከነጥጃዋ እየሳበች መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ልጄ፣ ጋሽ እንዳላማው ናቸው ያሉት?»

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው» አለ ደመላሽ፤ ለማስረዳት ጊዜ ስላልነበረው ነው እንጂ ውሸት አልመሰለውም።

«እሳቸው ካሉ ደግ።» ገመዱን ሰጠችው። ከጉያዋም በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አወጣችና፣ «እግራቸውን ይሹበት» አለችው።

ደመላሽ ልቡ ራራ። «ወንዱ ጥጃ ሙሉ በሙሉ ለእርስዎ ይሁን፤ ድርሻችንን ትተናል» አላት። ሥራነሽ ከወገቧ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። እሱም ቀኑን ሙሉ ደግ ሰው መሆኑ እየታወቀው ዋለ።

አባቱ ከጠበል ሲመለሱ አክሲዮኑ ተገዝቶ አልቋል። ጋሽ እንዳላማው የምስክር ወረቀቱን አገላብጠው አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «የሥራነሽን ላም አልነካህም አይደል?»

ደመላሽ ቅቤውን አቀረበላቸው። ሽማግሌው ቅቤውን አይተው ተቀመጡ።

«ከአምስት ዓመት በፊት አበረ፣ ባሏ፣ የሞተ ጊዜ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ወንድሙ አምሳሉ አርባው ሳይወጣ ሁለቱን በሬ ነድቶ ወሰደ። ላሚቱን ሊደግም ሲመጣ እኔ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ‹እሷ የኔ ርቢ ናት› አልኩ። ዋሸሁ። ለነፍስ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ጨርሻለሁ። ላሚቱ የሥራነሽ ናት። ለማንም ላትናገር ምላለች። ይኸው ለአንተም አልተናገረችም።»

ደመላሽ አፈረ። ላሟን መሸጡ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ጥጃዋን መርቆላት ጎንበስ ብላ ስታመሰግነው ቆሞ መቀበሉ ነው አንጀቱን የቆረጠው። በማግሥቱ ቡሬን የገዛትን ነጋዴ ፈልጎ አገኘው፤ አዲስ አበባ ጭኗት ኖሯል። ደመላሽ ሞተር ሳይክሉን ሸጠና ከደምበጫ ገበያ የምትታለብ መልካም ላም ገዛ።

«በሥራ ቀን ሂድ፣ ከደጇ አስረህላት ተመለስ» አሉት አባቱ። «አፍህንም ያዝ።»

ይህ ምክር ለደመላሽ አልተዋጠለትም። በገበያ መሐል የበደልኳትን እንዴት ተደብቄ እክሳለሁ አለ። እንዲህ ማሰቡ ወንድነት መሰለው። እውነቱን ለመናገር ግን ሲክስ እንዲታይለትም ፈልጓል። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ አይሱዙውን ሥራነሽ የምታስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አቆመ። ላሟን አወረደ። ሕዝቡ ነጠላውን እያጣፋ ከበበው። ሥራነሽን ሲያያት እንባው መጣ።

«እትዬ ሥራነሽ፣ ይቅር ይበሉኝ! ላምዎን ሳላውቅ ሸጥኩብዎ። ይቺን ይቀበሉኝ!»

ሥራነሽ ባለችበት ቀረች። ከኋላዋ አንድ ጎልማሳ ሰው ዱላውን ተደግፎ ወደ ፊት ወጣ።

«ላምዎን?» አለ ሰውየው። «የማንን ላም? የወንድሜ ሚስት ላም ነበራት እንዴ?»

ደመላሽ አምሳሉን አይቶት አያውቅም፤ አሁን ግን ማንም ሳይነግረው ማን እንደሆነ ገባው። የአባቱ ውሸት፣ የሴትዮዋ መሐላ፣ የአምስት ዓመት ዝምታ፣ ሁሉም በእሱ አንድ አፍ ፈረሰ።

ሥራነሽ ግን ሳቀች። «ኧረ የልጅ ነገር! ወተቷን የምጠጣው እኔ ስለሆንኩ ‹ላምዎ› ማለቱ ነው እንጂ፣ እኔ ምን ላም አለኝና!» ወደ ደመላሽ ዞረች። ከንፈሯ ይስቃል፤ ዓይኗ ግን ይለምነዋል። «ንገራቸው እንጂ ልጄ። ላሚቱ የማን ናት?»

ደመላሽ በሰው ፊት እውነቱን ሊናገር አልነበር የመጣው?

«የኛ ናት» አለ።

«አልሰማሁህም» አለ አምሳሉ።

«የኛ ናት! የአባቴ ርቢ ናት።»

አምሳሉ ጥቂት አፍጥጦበት ዱላውን ትከሻው ላይ አጋደመና ሄደ። ሥራነሽ ገመዱን ተቀብላ እንደዚያን ቀኑ ከወገቧ ጎንበስ አለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

«አቤት፣ የአባቱ ልጅ!» አሉ አሮጊቶቹ። «ይባርክህ፣ ለድኻ የምታዝን!» አንድ ቄስም መስቀላቸውን አወጡ። ደመላሽ ምርቃቱ እስኪያልቅ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ ትሕትናውንም አደነቁለት።