ያልተመዘዘው ጎራዴ

«አባዬ፣ አንተ አፎቱን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፤ እኔ እስባለሁ» አለች መቶ አለቃዋ።

አባቷ አፎቱን በጉልበታቸው መሀል ሰንገው ያዙ። እጀታውን በሁለት እጇ ጨብጣ ሳበች። ጎራዴው ንቅንቅ አላለም። ሰልፉ ሊጀመር ብዙም አልቀረውም፤ የክብር ዘቡን እየመራች እንግዶቹ ፊት ስትደርስ ጎራዴ መዝዛ ሰላምታ የምትሰጠው ደግሞ እሷ ናት። የማይመዘዝ ጎራዴ ታጥቃ ብትወጣ የጦሩ መሳቂያ መሆኗ ነው።

«ከመጋዘን የሚሰጠውን ልያዝ ብዬ ነበር» አለች ላቧን እየጠረገች። «የአባትሽ ጎራዴ እያለ የመንግሥት ብረት ታንጠለጥያለሽ ወይ ያልከው አንተ ነህ።»

«ጎራዴው ምንም የለበትም። አሳሳብሽ ነው።»

«በየሳምንቱ እየመዘዝኩ ዘይት እቀባዋለሁ ስትል አልነበር? ታዲያ በዚህ ሳምንት ምን ነካው?»

ጡረተኛው ሻለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህን የዘይት ወሬ ያልሰማ ጎረቤት የለም። መቶ አለቃዋ ፊታቸውን አይታ ገባት፤ አባቷ ዘመናቸውን ሙሉ ሲወለውሉ የኖሩት ከላይ ከላዩን ነው።

ምናልባት ቢያላቅቀው ብላ የፈላ ውኃ አዝዛ ነበር። እናቷ ማንቆርቆሪያውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ማንቆርቆሪያውን ግን ለማንም አላቀበሉም።

«ውኃው አያላቅቀውም» አሉ በመጨረሻ። «ሙጫ ነው።»

«የምን ሙጫ?»

«የጫማ። ልጅ ሆነሽ ከግድግዳው እያወረድሽ የሰፈሩን ልጆች ታባርሪበት ነበር። አንድ ቀን እጅሽን ቆረጠሽ። አባትሽን ደብቀው ስለው የወታደር ቤት ጎራዴ አይደበቅም አለኝ። እኔም አፎቱ ውስጥ ሙጫ አፍስሼ ዝም አልኩ።»

«ሳትነግሪኝ?» አሉ ሻለቃው።

«ዘይት ልትቀባው ስትመዘው ታገኘዋለህ ብዬ ስጠብቅ ይኸው ጸጉሬ ሸበተ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።»

«አንዱ ሳይመዝ መዘዝኩ ይላል፤ ሌላዋ ለጥፋ ዝም ትላለች» አለች መቶ አለቃዋ። «የምዋረደው እኔ። እናንተ ላይ ማን ይፍረድ?»

እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ስልኳን አነሳች፤ የመጋዘኑ ሰው ጎራዴ ይዞ በሰልፉ ሜዳ በር ላይ እንዲጠብቃት ነገረችው። ባርኔጣዋን ደፍታ ወደ በሩ ስታመራ አባቷ ጎራዴውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ልጃቸው እሱን ታጥቃ ስትሄድ ለማየት ሱፋቸውን ለብሰው የተነሱት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው።

«በይ ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ» አሉ ቀና ሳይሉ።

መቶ አለቃዋ አሁንም ብግን ብላለች። ግን መውጣት አቃታት። ተመልሳ ፊታቸው ቆመች።

«መታጠቂያውን ፍታልኝ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«የመንግሥቱን ብረት ላንጠለጥልበት።»

ሻለቃው መታጠቂያውን ከአፎቱ ላይ ፈቱት። ብድግ ብለው ራሳቸው ወገቧ ላይ አስታጠቋት። እናትየው ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡና ጠጋ አሉ።

«ጠበቅ አድርገው እንጂ» አሉ፤ «ላላ ብሏል።»