የግራው ጥግ

ቤቱ ከቁስቋም ማዶ ካለው ቁልቁለት ላይ እንደምንም ተንጠላጥሎ የተሠራ ነው። ከኋላው ገደል፣ ከገደሉ በላይ ደግሞ በረጃጅም ቋሚዎች የቆመ የእንጨት በረንዳ አለው። ከዚያ ላይ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑን ፊት ለፊት ማየት ይቻላል። ለወይዘሮ ወለተሩፋኤል የቀረቻቸው ደስታ ይህች ብቻ ነበረች። እግራቸው ከተያዘ ሦስት ዓመት ሆኗል። ጠዋት ጠዋት ምራታቸው እጅጋየሁ አዝላ በመኝታ ክፍላቸው በር ታወጣቸዋለች፤ እሳቸውም ቀኑን ሙሉ ወደ ቁስቋም እያዩ ሲሳለሙ ይውላሉ። ኅዳር ስድስት ታቦቷ ስትወጣ ካላየሁ ያን ጊዜ ሞቻለሁ ማለት ነው ይሉ ነበር።

እጅጋየሁ በዚህ ቤት ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖራለች። ልጅ አልወለደችም። አማቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ሳያነሡ አያልፉም፤ እሷማ እንደ ገለባ ቀላል ናት፣ ልጅ እንኳ ከብዷት አያውቅም ብለው ይስቃሉ፣ እንግዳውም ለይሉኝታ ይስቃል። ባሏ አዳነ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከመተማ መንገድ በወር አንዴ ቢመለስ ነው፤ ሲመለስም በእናቱ ፊት አፍ የለውም። ሰው ሁሉ እጅጋየሁን ታጋሽ ናት ይላታል። ባትታገስ የት ትሄድ እንደነበር የጠየቃት ግን የለም።

ክረምቱ ሲወጣ የበረንዳው መደገፊያ ተገንጥሎ ገደል ገባ። አዳነ በስልክ አናጢ ይጠራ አለ። አያ ቢያዝን የሚባሉ ስድሳ ያለፋቸው አናጢ መጥተው ሳንቃውን በመዶሻ እየመቱ አዳመጡና፣ ይህ መታደስ አልፎታል፣ ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራል አሉ። ባጃጅ እዚያ ዳገት ድረስ ስለማይዘልቅ እንጨቱን ሰዎች ከአስፋልቱ በትከሻቸው ተሸክመው አመጡት።

በሦስተኛው ቀን አያ ቢያዝን ጠሯት። ከግራው ጥግ ያወረዱትን አግዳሚ በእግራቸው ገፋ ሲያደርጉት እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረካከሰ።

"ላዩ ሸጋ ነው፤ ውስጡን ምስጥ በልቶታል" አሏት። "የዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት አይቼው ለእሜቴ ነግሬያቸው ነበር። ይህን ጥግ ሰው እንዳይረግጠው ብዬ።"

እጅጋየሁ ወደ ታች አየች። እስከ ድንጋዩ ድረስ የሦስት ሰው ቁመት ይሆናል። የግራው ጥግ በርበሬ የምታሰጣበት ነበር። ፀሐይ የሚበዛው እዚያ ነው፣ ወደዚያ ሂጂ እያሉ የሚልኳት አማቷ ናቸው። ልብስ ስታሰጣ እዚያ፣ ምንጣፍ ስታራግፍ እዚያ። እሳቸው ግን እግራቸው ደህና በነበረበት ጊዜ እንኳ አንድ ቀን ወደዚያ ዞር ብለው አያውቁም። ይህን ሁሉ ዓመት እያየች ልብ አላለችውም ነበር።

አናጢው ማን ይረግጠው እንደነበር ጠየቋት። ዓይኗ ከድንጋዩ ላይ አልነሣ ሲል ገባቸው።

"ቅጥነትሽ ነው ያተረፈሽ" ብለው መዶሻቸውን አነሡ።

ከሰዓት በኋላ የአማቷን እግር እያጠበች ስለ ግራው ጥግ ጠየቀቻቸው። አልካዱም።

"ነግሮኛል" አሉ።

"ታዲያ ምነው፣ እትዬ?"

"ልጄ ወራሽ ያስፈልገው ነበር። ሂጂ ብልሽ አልሄድሽም።" ነጠላቸውን እያስተካከሉ "ደግሞስ መች ወደቅሽ?" አሉ።

እጅጋየሁ አላለቀሰችም። ሁለቱንም እግር አጥባ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አድርቃ፣ ውሃውን ደፋች። ያን ሰዓት ሴትዮዋን ጠላቻቸው፤ መጥላቷም ደስ አላት። በዚያ ቤት የራሷ የምትለው ነገር ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግስቱ አያ ቢያዝንን አዘዘቻቸው። የአማቷ ክፍል በር በሳንቃ ይደፈን፣ የበረንዳው መውጫ በወጥ ቤቱ በኩል ይሁን አለች። አናጢው መጋዛቸውን አስቀመጡ።

"እሜቴ ቁስቋምን በምን ሊያዩ ነው?"

"በጆሯቸው ይዩ።"

ደፈኑት። የእንጀራ ነገር ነው፣ ምን ያድርጉ። አዳነ ሲደውል ብርዱ እናትህን እየጎዳቸው ነው አለችው፤ እንደ እናትሽ ያዝሽልኝ ብሎ መረቃት። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ምስማሩ ሲመታ አልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙ፤ ማንንም አልለመኑም።

ኅዳር ስድስት ደረሰ። የአዲሱ እንጨት ሽታ ገና አልለቀቀም። በዓል ቢሆንም እጅጋየሁ በርበሬዋን አውጥታ አሰጣች። ማዶ ኮረብታው በነጠላ ነጭ ሆኗል። ጃንጥላዎቹ ብቅ ሲሉ እልልታው ቁልቁለቱን ተሻግሮ መጣ። እሷም ቀና ብላ ተሳለመች።

ከተደፈነው በር ጀርባ አማቷ ተጣሩ።

"እጅጋየሁ፣ ታቦቷ ወጣች?"

"አልወጣችም፣ እትዬ።"

"እልልታው ምንድን ነው?"

"ሰርግ ይሆናል።"

ከዚያ አንድ ነገር ሳንቃውን ከውስጥ መታው። ደግሞ መታው። ሦስተኛም መታው። ግንባራቸው ነበር፤ በሩን ተጠግቶ በተዘረጋው አልጋቸው ላይ ተጎትተው እየሰገዱ ነው። ሲጨርሱ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። ሲናገሩም ቁጣ አልነበረባቸውም።

"እኔ ስትጠይቂኝ አልዋሸሁሽም" አሉ።

እጅጋየሁ ጎንበስ ብላ በርበሬውን መገልበጥ ቀጠለች። በረንዳው ዳር እስከ ዳር የእሷ ነበር፤ የት እንደቆመች ያየችው ግን ታቦቷ ዞራ ከገባች በኋላ ነው። ማንም ሳያዛት በግራው ጥግ ላይ ነበረች።