ከፍ አድርገው የሚዘጉት በር

«እሱን አትንካብኝ» አለች ጭምቴ፣ የሻይ ትሪውን እንደያዘች።

አናጢው ከመግቢያው በር ሥር ተንበርክኮ ነበር። መላጊያውን ወደ ከረጢቱ መለሰና ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ። ክፉ አላሰበም። በሩ ነፋስ በገፋው ቁጥር ወለሉን እየፋቀ ለቅሶ የመጣውን ሰው ሲያስደነግጥ ስላየ፣ ከታች በኩል ጥቂት ልላገው ብሎ ነው።

«እናትሽም እንደዚሁ ነበር የሚሉኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሰፈሩን በር ሁሉ እያሳከሙ የራሳቸውን እንዳነከሰ አስቀሩት።»

ጭምቴ መንገድ እንዲለቅላት በአገጯ አመለከተችው። ይህን ስም ያወጡላት ሟች እናቷ ናቸው፤ በሕፃንነቷ ዝምታ ታበዛ ነበር። ዛሬ ነጭ ጋውን ለብሳ የሰው የመድኃኒት ማዘዣ ስታነብ የምትውል ፋርማሲስት ብትሆንም፣ በዚህ ቤት ከጭምቴ ሌላ ስም የላትም። ትሪውን ይዛ ወደ ሳሎን ስትገባ እንግዶቹ ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ አሳለፏት።

ጉልበት መሰብሰብ የግድ ነበር። ሳሎኑን በሮች ሞልተውታል። ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው የቆሙት እነዚህ በሮች በአሮጌው ሰፈር ከፈረሱ ቤቶች የመጡ ናቸው። ባለ ሁለት ተከፋች አለ፤ መስታወቱ የረገፈ አለ፤ አረንጓዴ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ደግሞ ቡናማ የሚታይበት አለ። በእያንዳንዱ እጀታ ላይ የቤተሰቡ መጠሪያ የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ ታስራለች። ሊያጽናና የመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ይቆይና ዓይኑ ወደ ግድግዳው መሄድ ይጀምራል። ከዚያ ይነሣል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ እንኳ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እያበሰች ሳለ፣ ለድመቷ ብላ በገዛ እጇ የቀደደቻትን ቀዳዳ ከአንዱ በር ግርጌ አገኘችና፣ ለቅሶውን ትታ ክንዷን እስከ ክርኗ አስገባች።

«ይሄው የኔ» አለች ለማንም ሳይሆን።

ማኅበሩ «የአሮጌው ሰፈር ቅርስ ጠባቂ በጎ ፈቃደኞች» ይባላል። ሰዉ ግን «በር ለቃሚዎች» ነው የሚላቸው። የጀመሩት የጭምቴ እናት ናቸው። ከሒሳብ መምህርነት ጡረታ በወጡ ሰሞን፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሲፈርሱ፣ የቀን ሠራተኞች የአንዱን ቤት በር ፈልጠው ምሳ ሲያሞቁበት አዩ። ያ በር የልጅነት ጓደኛቸው በር ነበር። በየቢሮው ደጅ ጠንተው፣ አቤት ብለው፣ ቤቶቹን ማስጣል እንዳልቻሉ ሲያውቁ፣ «ቤቱን ካላዳንን ደጁን እናድን» አሉ። አናጢውን፣ ልብስ ሰፊዋንና ጥቂት ሰዎችን ሰብስበው ሥራ ጀመሩ። ለወደፊቱ፣ አንድ ቀን፣ መንገድ ላይ የሚያልፍ ልጅ እዚህ ማን ይገባና ይወጣ እንደነበር ማየት አለበት ይሉ ነበር። ጭምቴ ያን ጊዜ ተማሪ ነበረች። እናቷ የሚያወሩት ሁሉ ስለ ማጠፊያና ስለ ቁልፍ ቀዳዳ እየሆነባት፣ ራት ላይ ጆሮዋን ደፍና ትበላ ነበር ማለት ይቻላል።

ከቀትር በኋላ የሰፈሩ ሰው የሆኑ አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር መጡ። ጭምቴን ግንባሯን ስመው፣ «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» ብለው፣ ወንድሟ የለቀቀላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትንሽ እንደቆዩ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«የኔ በር እዚህ የለም» አሉ። «የኔ በር እቤቴ ነው። መጀመሪያ የነቀሉት ግን የኔን ነበር። እናትሽ ነግራሻለች?»

ጭምቴ ራሷን ነቀነቀች፤ አልነገሯትም።

«እህቴ ታማ ላስታምማት ሄጄ ሰነበትኩ። ስመለስ ቤቴ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። ሌባ ነው ብዬ ገባሁ። ራዲዮኑ አለ፤ ብርድ ልብሱ አለ። አንድ ነገር አልተነካም። ሌባው በሩን ብቻ ይዞ ሄዷል። እንደዚህ ያለ ጨዋ ሌባ አይቼ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። አናጢው ወለሉን አየ፤ የነቀለው እሱ ነበርና። ቤቱ ሰው የሌለበት፣ ሊፈርስ የተተወ መስሏቸው ነበር።

ሹፌሩ እንደተረኩት፣ ስህተቱ እንደታወቀ የጭምቴ እናት እየሮጡ መጡ። በሩ ግን ቀለሙ ተፍቆ፣ ማጠፊያው ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ ነበርና እስኪመሽ ሊገጠም አይችልም። መምህርቷ ከቤታቸው ወንበር አስመጡ፤ በሩ በነበረበት ቦታ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀመጡ፤ እዚያው ዋሉ። ሹፌሩ ይግቡ ቢሏቸው፣ ሻይ ቢያቀርቡላቸው፣ አልነሣም አሉ። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ መጥቶ ላልፍ ቢል፣ «መጀመሪያ አንኳኳ» አሉት።

ሳቁ ከሰዉ አመለጠ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ያለው ሁሉ ወደ ጉሮሮው መለሰው። ጭምቴ አልሳቀችም። እናቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰው በር ሆነው ሲውሉ ለማየት እየሞከረች ነበር። ያንን ቀን ታስታውሰዋለች፤ አምሽተው ሲገቡ ራት ቀዝቅዞባቸዋልና አኩርፋ ነበር። የት እንደዋሉ ግን አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልተናገሩም።

የማኅበሩ ደንብ የወጣው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ያልተዘጋ በር አይነቀልም። የቤቱ የመጨረሻ ነዋሪ በገዛ እጁ ይዘጋዋል፤ አንዴ ከተዘጋ ደግሞ ተመልሶ አይከፈትም፤ ካቻቢቴ የሚያርፍበት ከዚያ ወዲያ ነው። አንዳንዱ ሲዘጋ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ ይረግማል፤ አንዲት አሮጊት በሩን ዘግተው ከረሜላ አድለዋል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ነዋሪው በእጁ ሳይዘጋው የተነቀለ አንድም በር የለም።

እንግዶቹ ሳሳ ሲሉ ወንድሟ ጉዳዩን አነሣው። ቀያሽ ነው፤ የሚሠራውም መንገዱን ከሚያሰፋው ድርጅት ጋር በመሆኑ፣ ማኅበሩ ፊት ሲናገር እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል።

«ሰኞ ማሽኑ ይህንን ቤት ሊያፈርስ ይመጣል» አለ። «ቀኑን እኔ አላወጣሁትም። እስከዚያ እነዚህን ሁሉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እናግዛለን፤ ቦታ ሰጥተዋል። የኛንም ነቅለን አብረን እንላክ።»

አናጢው ወደ መግቢያው በር ዞረ።

«ማን ይዘጋዋል?» አለ።

ነገሩ ከበድ ያለው እዚህ ላይ ነበር። የመጨረሻዋ ነዋሪ ሟቿ ናቸው። ሟቿ ደግሞ በሩን አልዘጉም። ልብስ ሰፊዋ አምቡላንሱ የመጣበትን ጠዋት ነገረቻቸው። ቃሬዛው ከደጃፉ ሲወጣ ልዝጋው ብላቸው ነበር።

«‹ተዪው፣ እመለሳለሁ› አለችኝ» አለች። 

ወንድሟ እኔ እዘጋዋለሁ አለ፤ በር ነው እኮ አለ። አናጢው በትሕትና፣ ግን ፍንክች ሳይል፣ ካገባ ወዲህ እዚህ ቤት አድሮ እንደማያውቅ አስታወሰው። ደንቡ ለጎረቤት ሲሆን ጠበቅ፣ ለሊቀመንበሯ ሲሆን ላላ ማለት ካለበት፣ በሩን ማሽኑ ይብላው አለ። ሹፌሩም አናጢው ልክ ነው አሉ። ሁሉም ወደ ጭምቴ ተመለከቱ።

«እኔም ነዋሪ አይደለሁም» አለች። «እንግዳ ነኝ።»

ይህን ያለችው ለመሸሽ አልነበረም፤ የምታምነው ይህንኑ ነው። ሥራ ይዛ ፋርማሲው አጠገብ አንድ ክፍል በተከራየች በወሩ፣ እሑድ ቀን እናቷን ልትጠይቅ መጥታ በሩን በሁለት ጣቷ አንኳኳች። ከፍ አድርጎ፣ በጉልበት ገፋ አድርጎ መክፈት ልጅ ሆና የለመደችው ነበር፤ ያን ቀን ግን አንኳኳች። እናቷ ከጓዳ መጥተው ከፈቱላት።

«የገዛ ቤትሽን ታንኳኪያለሽ?» አሏት።

«ቤቱ የበሮቹ ነው እማ። እኔ የት ልቀመጥ?»

ክፍሏን በሮች ሞልተውት ነበር። እናቷ ሻይ ጣዱ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ታንኳኳለች፤ እሳቸው ይከፍታሉ፤ ሳሎን ተቀምጠው ያወራሉ፤ ትሄዳለች። ጠብ የለም። ወደ ክፍሏ ግን አትገባም።

አናጢው ጎርደድ ጎርደድ አለና ካሰበው በላይ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«በሩን ለምን እንደማያስልጉት አንድ ቀን ነግረውኛል። ሁሉም ሰው ሲከፍተው የራሱ አነሣስ አለው አሉኝ። ‹ልጄ ስትገባ ጓዳ ሆኜ በድምፁ አውቃታለሁ› አሉ። ‹ማንኳኳት ከጀመረች ወዲህ ግን እየተነሣሁ መክፈት ነው። ቢሆንም ተወው፣ አንድ ቀን ትረሳዋለች› አሉኝ። ማንኳኳቱን ማለታቸው ነው።»

ጭምቴ ባዶ ብርጭቆዎቹን ወደ ትሪው መሰብሰብ ጀመረች።  ሹፌሩ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ከቀብር ወዲህ የት ነው የምታድሪው ልጄ?»

«እዚሁ ነዋ ጋሼ።»

«እዚሁ የት? ሳሎን?»

«በክፍሌ» አለች።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ቀና አለች። ከቀብር ተመልሳ ጀርባዋን ልታሳርፍ ስትፈልግ፣ አልጋው የተፈታታ እየመሰላት በበሮቹ መካከል ጎኗን አጥብባ ገብታ ነበር። በሮቹ እስከ ግድግዳው አልደረሱም። ከኋላቸው አልጋዋ እንደተነጠፈ ቆሟል። አንሶላው ታጥቦ የተተኮሰ ነው፤ ትራሱ ልብሱ ተቀይሮለታል፤ የማንበቢያ መብራቱም ተሰክቷል። መግቢያዋ ጠባብ ናት፤ ሆኖም አንድ ሰው ያሳልፋል። ስንት እሑድ ሙሉ ይህ አልጋ ከሳሎኑ ግድግዳ ማዶ ተነጥፎ ሲጠብቃት እንደኖረ ልታሰላ ሞክራ ትታዋለች።

«እንግዲህ» አሉ ሹፌሩ፤ ዙሪያውን እንደ ዳኛ ቃኙ። «ክፍሌ የሚል ሰው ነዋሪ ነው። የሚቃወም አለ?»

የሚቃወም አልነበረም። ወንድሟ ትሪውን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ጓዳ ወሰደው።

ሰኞ ጠዋት ቤቱ ባዶ ሆነ። በሮቹ ሄደዋል፤ ግድግዳው ላይ የቆሙበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ቀርቷል። ማሽኑ ከመንገዱ ጫፍ ቆሟል፤ ነጂው ወንድሟን አይቶ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። ማኅበርተኞቹ ደጃፉ ላይ ተሰበሰቡ። ልብስ ሰፊዋ በእጀታው ላይ የምትታሰረዋን ጨርቅ ይዛለች፤ ምን ብላ እንደምትጽፍባት ጠይቃ፣ ጭምቴ «የመምህርቷ ቤት» በይው ብላታለች።

ጭምቴ ወጣች፤ ዞረች። እጀታውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ጉልበቷን ከታች አስደገፈች፤ ከፍ አደረገችና ወደ ራሷ ሳበችው። በሩ ወለሉን ፍቆ ገጠመ። ቁልፉ ቀጭ አለ።

አናጢው ካቻቢቴውን አውጥቶ ተንበረከከ።

«ቆይ» አለችው።

እጀታውን ይዛ በሩን ከፍ አደረገች፤ በጉልበቷ ገፋችው፤ ሳታንኳኳ ገባች። የመፋቁ ድምፅ በባዶው ሳሎን አልፎ እስከ ጓዳ ተሰማ። እሷም እዚያው መግቢያው ላይ ቆማ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ጓዳው በኩል አየች። ከዚያ ወጥታ በሩን እንደ ፊቱ ከፍ አድርጋ ዘጋችው።

የተዘጋ በር ተመልሶ አይከፈትም። ሹፌሩ የባርኔጣቸውን ጠርዝ ያስተካክሉ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ጨርቋን ታጥፍ ነበር፤ ወንድሟ ወደ ማሽኑ ፊቱን አዙሯል። ስለ ደንቡ አንድም ሰው አልተናገረም። አናጢው ጭምቴን ቀና ብሎ አያት፤ ራሷን ዝቅ አደረገችለት፤ እሱም ከታችኛው ማጠፊያ መፍታት ጀመረ።