ጆሮ የተሳለባቸው ወፎች

ባሌ ዴልበርት ዓይኑ እየከዳው መሆኑን የጠረጠርኩት የቆሻሻ በርሜል በገጨ ዕለት ነው። በርሜሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። እሱ ግን ወረደና ዳስሶት «ማን ነው እዚህ ያመጣው?» ብሎ ጮኸ። እኔ ምንም አላልኩም። ዝም ማለት ልማዴ ስላልሆነ ዝምታዬ ራሱ ሊያስደነግጠው ይገባ ነበር።

እኛ የነብራስካ ገበሬዎች ነን። እርሻውን ሸጠን ባለ ጎማ ቤት ከገዛን ስድስት ዓመታችን ነው። አልጋውም ምድጃውም ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ናቸው። በረዶው ሲጀምር ወደ ደቡብ ቴክሳስ እንወርዳለን፣ ሲቀልጥ እንመለሳለን። ሌላ ቤት የለንም። መሪውን የሚይዘው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት በየመኸሩ የእህል መኪና የነዳሁ ሴትዮ፣ በዚህች ቤት ውስጥ የምነዳው መጥረጊያ ብቻ ነው።

በርሜሉ በተገጨ በሁለተኛው ቀን፣ መርከብ ከሥሩ የሚያልፍበትን አንድ ረጅም ድልድይ ልንሻገር ነበር። ስለዚህ በመካከሉ አንድ ቀን ነበረኝ። ሰውየው ያያል ወይስ አያይም? ይህን ሳላውቅ አልሻገርም አልኩ።

ጠይቂው ትሉኛላችሁ። ጠይቄዋለሁ። «ዓይንህ እንዴት ነው?» ስለው «የንስር ነው» አለኝ። ንስር በርሜል ሲገጭ አይቼ አላውቅም።

ያ ቀን ለሱ ትልቅ ቀን ነበር። በአካባቢው አንድ ትልቅ የከብት እርባታ አለ፤ ጎብኚዎችን በሚኒባስ እያዞረ አውሬና ወፍ ያሳያል። ዴልበርት ወፍ መዝጋቢ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ያያቸውን ወፎች ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፏል። ድምፅዋን ሰምቶ ያላያት እንደሆነች ከስሟ አጠገብ ትንሽ ጆሮ ይስልባታል። በወፍ መዝጋቢዎች ዘንድ ያላዩትን አየሁ ብሎ መጻፍ ከሌብነት ይቆጠራል። አንዲት የቀረችው ድንክ ጉጉት ነበረች፣ ጡጫ የማታክል፤ በዚያ እርባታ ትገኛለች ተብሎ ነው የሄድነው። እኔ ደብተሩን ከፍቼው አላውቅም። ትምህርት ቤት ሳልጠግብ ላም እንዳልብ ያስወጡኝ ሰው ነኝ። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን ወፍ እየቆጠረ የሚጽፍን ሰው ጽሑፍ ለማንበብ ጊዜ አላጠፋም።

አስጎብኚያችን ማሪሴላ የምትባል ልጅ ነበረች። አያቷም አባቷም በዚያው እርባታ ላም ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ከፊታችን ሃርላን የሚባል የሚኒሶታ ሰው ተቀምጧል፣ አንገቱ ላይ የጥጃ እግር የሚያክል ካሜራ አንጠልጥሎ።

ገና ከበሩ እንደገባን አጋዘኖች ቁጥቋጦ ውስጥ ቆመው አየሁ።

«ዴልበርት፣ ስንት ናቸው?»

«ሦስት» አለ ቶሎ ብሎ።

አምስት ነበሩ። ግን ሃርላንም ዞር ብሎ «አዎ፣ ሦስት» አለ፣ ያ ሁሉ ካሜራ እያለው። እንግዲህ በዚህ ምን ይታወቃል?

ጅራት የሌላቸው የዱር አሳማዎች መንገዱን አቋረጡ። ማሪሴላን ጅራታቸው የት ሄደ ብዬ ጠየቅኳት።

«ሲፈጠሩም የላቸውም፣ እማማ ላቮን።»

«ታዲያ ዝንቡን በምን ያባርራሉ?»

ልጅቱ አሰበችና «እንጃ፣ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አለች። ወደድኳት። የማያውቀውን አላውቅም የሚል አስጎብኚ ብርቅ ነው።

ከዚያ ዴልበርት ድንገት እጁን አነሳ። «አቁሚ፣ ልጄ! በግራ በኩል ናት።»

ማሪሴላ ሞተሩን አጠፋች። እኔ ነፋስ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ቆይቶ፣ ከሩቅ፣ ጣት ጠረጴዛ ሲመታ የመሰለ ድምፅ መጣ፤ ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ፣ ሳያቋርጥ።

«አባባ፣ እኔ እንኳ አልሰማኋትም!» አለች ማሪሴላ።

ሃርላን «ሽማግሌው ጉድ ነው» አለ። ዴልበርት አገጩን ቀና አደረገ። እኔም በበርሜል ምክንያት ሰው ማማቴ ነው እንዴ ብዬ ማፈር ጀመርኩ።

ወርደን በእግራችን ተጠጋን። ማሪሴላ በሦስት እግር የሚቆመውን ትልቅ መነጽር ከአንድ የኦክ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አነጣጠረችው። መጀመሪያ እኔን አስቀደሙኝ። ጉጉቷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፤ ከጭንቅላቷ ኋላ ግን ሁለት ጥቁር ዓይኖች ያፈጡብኛል! ማሪሴላ የላባ ምልክት ነው፣ ጠላት ከኋላ እንዳይመጣባት ነው አለች። እኔ ጉጉት አልወድም፤ ይህችን ግን ወደድኳት። ለኔም እንዲህ ያለ ዓይን ቢኖረኝ ሃምሳ ሁለት ዓመት ትዳር ይቀለኝ ነበር።

ዴልበርት ባርኔጣውን አውልቆ ተጠጋ። ጎንበስ ከማለቱ በፊት ጉጉቷ በረረች። በነዚህ ዓይኖቼ ነው ያየኋት። እሱ ጎንበስ አለ፣ ቀኝ ዓይኑን አስጠጋ፣ ቆየ።

«ወይ ቆንጆ!» አለ። «ዓይን ለዓይን ተያየን።»

ሃርላን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «እንኳን ደስ ያለህ! በል ደብተርህ ላይ ጻፋት» አለው። እኔ በመነጽሩ ደግሜ አየሁ። ቅርንጫፍና ቅጠል። ቀና ስል ማሪሴላ እኔን ታያለች።

ባዶ ቅርንጫፍ ነው ያደነቀው። ቢሆንም ሰውዬዬን አውቀዋለሁ፤ ሰው ፊት አፍሮ ይሆናል የዋሸው። ደብተሩን ግን ዋሽቶት አያውቅም። በነጋታው ድልድዩን የሚሻገረው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ያ ደብተር ነው አልኩ። ጉጉቷን አየሁ ብሎ ከጻፈ፣ ለራሱም መዋሸት ጀምሯልና ቁልፉን ነጥቄ ባሕር ውስጥ እወረውረዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤታችንን ባሕሩ ዳር ካለው ሰፊ ማቆሚያ አስጠግቶ አቆማት። ሁለት ቦታ ይዞ። በባሕሩ ግንብ ላይ በእግራችን ሄድን፤ ጀልባዎች ተደርድረዋል፣ ሽታው ዓሣና ናፍጣ ነው። ክርኔን ጨብጦ ይሄዳል። ደረጃ ሲመጣ ጨመቅ ያደርገኛል። ሰዎች ፍቅር ያገረሸብን መስሏቸው ፈገግ ይሉልናል። በየምሰሶው ላይ ፔሊካኖች ተቀምጠዋል፣ ምንቃራቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ ስብሰባ እንደሰለቻቸው ሽማግሎች። እሱ ስለ አንዳቸውም አንድ ቃል አልተናገረም።

የተጠበሰ ሽሪምፕ በወረቀት ገዝተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጣቱን ጠራረገና ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። አፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ አስጠጋው። መታኘክ ያለበት ሽሪምፕ አፌ ውስጥ ቆመ።

የጉጉቷን ስም ጻፈ። እርሳሱን አነሳ። ቆየ። ከዚያ አጠገቧ ትንሽ ጆሮ ሳለ።

«ጆሮ ናት» አልኩት።

«ጆሮ ናት።»

«ዓይን ለዓይን ተያየን ስትል ሰምቼሃለሁ።»

«ለነሱ ነው ያልኩት።»

«ለኔስ? የንስር ነው ያልከኝ ለማን ብለህ ነው?»

ደብተሩን ጭኔ ላይ አኖረው። «አንብቢ» አለ።

ወደ ኋላ ገለጥኩ። ጆሮ። ጆሮ። ጆሮ። ገጹ ሁሉ ጆሮ ብቻ። ካለፈው ፀደይ ወዲህ ጆሮ ያልተሳለባት ወፍ የለችም። ቁራ እንኳ!

«ቁራ ነው እኮ፣ ዴልበርት! ጥቁር፣ ዶሮ የሚያክል!»

«መሃሉ ጉም ነው፣ ላቮን። ዳር ዳሩን አያለሁ። የመንገዱን ጠርዝ አያለሁ። ሐኪሙ ግንቦት ላይ ነገረኝ።»

ፔሊካን ፈለግኩ። ክረምቱን በሙሉ ከፔሊካን ጋር ከርመን በደብተሩ አንድም የለም። ፔሊካን አይጮህም።

«ከግንቦት ጀምሮ!» አልኩት። ድምፄ ከፍ ስላለ ዓሣ የሚያጠምዱት ሁሉ ዞሩ። «በዚያ መሃሉ ጉም በሆነ ዓይን አገር ላገር ስትነዳኝ! መሃል ላይ ልጅ ቢቆምስ? ልጅም እንደ ቁራ እስኪጮህልህ ልትጠብቅ?»

ፊቱ ነጣ። አገጩ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በትዳራችን ሁለት ጊዜ ብቻ ያየሁት ነገር ነው። «ቁልፉን ከሰጠሁሽ ኑሮአችን የሚያበቃ መሰለኝ» አለ። «ልጆቹ ከአንዱ ክፍል ያስገቡናል፣ መስኮት ዳር ያስቀምጡናል።»

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ? እጅ የለኝም?»

«አንቺ ይህን ያህል ትልቅ...»

«የእህሉ መኪና ከዚህች ይበልጥ ነበር። ፍሬንም አልነበረውም። ቁልፉን።»

ኪሱን ፈተሸ። ሰጠኝ። እኔም ደብተሩን መለስኩለት። እውነቱ ዘጠኝ ወር ሙሉ እዚያ ተጽፎ ሲቀመጥ፣ ከሱ ሌላ የሚያነበው የጠፋው በኔ ኩራት ነው። ይህን ግን ለሱ አልነገርኩትም። የዘጠኝ ወር ዕዳ ሲኖርበት ለምን አቃልልለታለሁ?

ወደ ቤታችን ተመልሰን ከመሪው ኋላ ተቀመጥኩ። ወንበሩን ወደፊት ሳብኩት፣ መስታወቶቹን ለኔ ቁመት አስተካከልኩ። እሱ በጎኔ ተቀመጠ፣ እጁን ምን ላይ እንደሚያደርገው ሳያውቅ። ሞተሩ ተነሳ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ወደ ኋላ ስወጣ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ስታጠፍ ግን ከቀኝ በኩል ጓ! የሚል ድምፅ መጣ። አንድ የቆሻሻ በርሜል በመስታወቱ ውስጥ እየተንከባለለ ሲሄድ አየሁ።

«ምን ነበር እሱ?» አለ ዴልበርት።

«ፔሊካን።»

«ፔሊካን ድምፅ የለውም።»

«ይሄኛው አለው። ጆሮ ሳልበት።»

ከዚያ ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «አልጽፈውም» አለ። «ቆርቆሮ ነው።»

ወርጄ በርሜሉን አቃናሁና ተመልሼ ወጣሁ። በነጋታው የምንሻገረው ድልድይ ከሩቅ ይታይ ነበር። ምን ያህል እንደሚርቅ ነገርኩት፣ ስንት መኪና እንዳለበትም። እሱ መስኮቱን ከፍቶ፣ ጆሮውን ወደ ውጭ አድርጎ፣ የሚሰማቸውን ወፎች አንድ በአንድ ይጠራልኝ ጀመር።