አንድ ቀን እንኳ አልቆመም

በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ ቅጽል ስሟ "እስቲ ደግሜ ልየው" ነበር። አሳንሰር ጠግና ከጨረሰች በኋላ መሣሪያዋን ሰብስባ፣ እጇን ታጥባ፣ ልትሄድ በሩ ላይ ስትደርስ "እስቲ ደግሜ ልየው" ብላ ትመለሳለች። ወንዶቹ ይቀልዱባት ነበር። ደንበኞች ግን ስልክ ሲደውሉ "እሷን ላኩልን" ይላሉ። በአሥራ ስድስት ዓመት ሥራዋ ያልጨረሰችውን ጨርሻለሁ ብላ አታውቅም።

ያን ማክሰኞ የተጠራችው ወደ አንድ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ነው። አሳንሰሩ በአምስተኛውና በስድስተኛው ፎቅ መካከል ተሰንቅሮ ቆሟል፤ በሳምንቱ ውስጥ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ውስጥ አራት ሰዎች አሉ። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ትንፋሽ አጠረኝ እያለች በሩን ትደበድባለች። የሕንፃው አስተዳዳሪ ላብ በላብ ሆኖ ደረጃው ሥር ጠበቃት።

"የኔ እህት፣ ይሄ ነገር ሊገድለኝ ነው። ተከራዮቹ በቁሜ ሊበሉኝ ነው።"

እሷ በደረጃ እስከ ጣሪያው ወጥታ የሞተሩን ክፍል ከፈተች። ብልሽቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም። ከሞተሩ ጎን የፍጥነት ገዳቢው አለ፦ ቀጭን የሽቦ ገመድ የሚዞርበት የብረት መዘውር ነው። አሳንሰሩ ከልኩ በላይ ሲፈጥን መንጋጋው ገመዱን ነክሶ ይይዛል። ገመዱ ሲያዝ ደግሞ ሰው ከሚሳፈርበት ሳጥን ሥር ያሉት ሽብልቆች ሐዲዱን ጨምድደው ሳጥኑን ባለበት ያቆሙታል። ሌላው ሁሉ ቢከዳ የመጨረሻው ተስፋ እሱ ነው። የዚህኛው ስፕሪንግ ግን ደክሞ፣ መገጣጠሚያው ቆሻሻ ጠጥቶ፣ ምንም ሳይፈጠር በየሰዓቱ ይነክሳል።

ሰዎቹ ቶሎ መውጣት ነበረባቸው። መንጋጋውን ወደ ኋላ ስባ በሽቦ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ሳጥኑን ቀስ ብላ ወደ ስድስተኛ ፎቅ አነሳችው፤ በሩ ተከፈተ፣ ሴትዮዋ እያለቀሰች ወጣች። አሁን የሚቀረው ከመኪናዋ አዲሱን ስፕሪንግ አምጥቶ መግጠም፣ ከዚያም ሽቦውን መፍታት ነበር።

ደረጃውን እየወረደች ሳለ ወንድሟ ደወለ።

"እማዬ ወድቃለች። አትናገርም። ቶሎ ነይ።"

ዋናውን ማብሪያ አጥፍታ መሄድ ነበረባት። አላጠፋችም። ጥበቃው በሩ ላይ "አለቀ?" ሲላት "መጣሁ" ብላው ሮጠች።

እናቷ ዓርብ ዕለት አረፉ።

ሐዘኑ ሦስት ሳምንት ያዛት። ሥራ ስትመለስ ጠረጴዛዋ ላይ የሚጠብቃት ሌላ ሥራ ነው፤ የዚያን ሕንፃ ወረቀት ግን አንድ ባልደረባዋ፣ ቅሬታ ስላልመጣ፣ "ተጠናቋል" ብሎ ፈርሞበት ፋይል ውስጥ ገብቷል። እሷም አላስታወሰችም። ከዚያ ሳምንት ውስጥ የምታስታውሰው የእናቷን እጅ ብቻ ነበር።

በተመለሰች በአራተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ከከተማው ማዶ ባለ ሌላ ሕንፃ ውስጥ በር ስታስተካክል ስልኳ ጮኸ። አስተዳዳሪው ነው።

"እግዜር ያጥናሽ፣ የኔ እህት። ዛሬ ነው የሰማሁት። ደግሞም ላመሰግንሽ ነው፤ እጅሽ ይባረክ! አንቺ ከነካሽው ጀምሮ አሳንሰራችን አንድ ቀን እንኳ አልቆመም።"

ሽቦው ትዝ አላት። የያዘችው መፍቻ ወለሉ ላይ ወደቀ።

"ሄሎ? አለሽ?"

"አለሁ። አሁን... አሁን እየሠራ ነው?"

"ምን ይጠየቃል! ዘጠነኛ ፎቅ ያሉት እየለቀቁ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛና ቁም ሳጥን ሲያወርድልን ነው ያረፈደው። አሁን የቀረው ካዝናው ብቻ ነው፤ ተሸካሚዎቹ እየገፉት ነው።"

"አስቁምልኝ። እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይገባበት።"

"ለምን?"

እውነቱ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ አፍራ ዋጠችው።

"እንዲሁ... ፍተሻ ነው።"

አስተዳዳሪው ሳቀ። "ሐዘንተኛ ነሽ፣ ዕረፊ እንጂ! ነገ ታይዋለሽ።" ዘጋው።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ነዳች። ሁለት መንገድ አልፋ የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ አስፋልቱን የቆፈሩበት ቦታ ላይ ተገተረች። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና። ደወለች፤ ተይዟል። ደግማ ደወለች፤ ተይዟል። በሦስተኛው አነሳ። ከመጀመሪያው ጥሪ ሰባት ደቂቃ አልፏል።

"ስማኝ" አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። "ያኔ ገዳቢውን በሽቦ አስሬው ነው የሄድኩት። ረስቼው ነው። ያልቆመው ተጠግኖ አይደለም፤ ማቆም ስለማይችል ነው። ፍሬኑ ከከዳ የሚይዘው ነገር የለም። ሰው ይሞታል! አስወጣቸው!"

ከዚያ ሩጫውን ሰማች። ስልኩን ሳይዘጋ ነው የሮጠው። "ውጡ! እናንተ ልጆች፣ ከውስጥ ውጡ!" ሲል ድምፁ በደረጃው ቤት ውስጥ ወደ ላይ ሲያስተጋባ ሰማች። አንድ ሰው ከሩቅ "ምን አልክ?" አለ። ቀጥሎ ብረት ከብረት ሲፋተግ ረጅም፣ ቀጭን ድምፅ መጣ። ድምፁ እየፈጠነ ሄደ። ጆሮዋ ያንን ፍጥነት ያውቀዋል፤ መንጋጋው መንከስ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሿን ያዘች።

አልነከሰም።

ከዚያ ምድር የተሰነጠቀ የሚመስል ግጭት ሆነ፤ ስልኩም ጸጥ አለ።

መኪናዋን መንገድ ላይ ጥላ በእግሯ ሮጠች። ስትደርስ የሕንፃው መግቢያ በአቧራ ተሞልቷል፤ የምድር ቤቱ የአሳንሰር በር ወደ ውጭ ተቆልምሟል። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ካዝናው ገብቶ እንዳለቀ ሳጥኑ ቁልቁል መንሸራተት ጀምሮ ነበር። ያረጀው ፍሬን ያንን ክብደት አልቻለውም። ከሦስቱ ተሸካሚዎች ሁለቱ ጩኸቱን ሰምተው ዘለው ወጡ። ሦስተኛው፣ በጉልበቱ "ክሬን" የሚሉት ጎልማሳ፣ ከካዝናው ጀርባ ነበር። ካዝናውን ዘሎ ተወርውሮ ወጣ፤ ግራ እግሩ ግን በሚወርደው የሳጥኑ ጣሪያና በወለሉ ጠርዝ መካከል ቀረ።

አምቡላንሱ ይዞት ከሄደ በኋላ ወደ ሞተሩ ክፍል ወጣች። ሽቦው እንዳሰረችው ነው። አስተዳዳሪው እያለከለከ ከኋላዋ መጣና በሩን ገርበብ አደረገው።

"ማንም አላየውም" አለ በሹክሹክታ። "ፍቺውና ጣይው። ስልክ ላይ ያልሽውን እኔ አልሰማሁም።"

ለምን እንዲህ እንዳለ ታውቃለች፤ እሷም ዝም እንድትልለት ነው። ፍሬኑ እንዲቀየር ሁለት ጊዜ ጽፋለት ነበር፤ ሁለቱም ደብዳቤ መሳቢያው ውስጥ ናቸው።

"ሽቦውን አልፈታም። የፍሬኑን ነገር እኔ አላነሳም" አለች። "ከጠየቁኝ ግን እናገራለሁ።"

"እብድ ነሽ? ፍሬኑ ነው የከዳው! አንቺ ምን አገባሽ?"

"ይሄ የተሠራው ፍሬን ለሚከዳበት ቀን ነው። እጁን ያሰርኩት እኔ ነኝ።"

ሽቦውን አልነካችም። ክፍሉን ቆልፋ መርማሪዎቹ እስኪመጡ ድረስ በሩ ላይ ተቀመጠች።

ለመርማሪዎቹ ሁሉንም ተናገረች፤ ሰባቱን ደቂቃም ጭምር። ያንን ማንም አልጠየቃትም ነበር። በመጀመሪያው ጥሪ እውነቱን ብትናገር ካዝናው ገና ኮሪደሩ ላይ ነበር። ፈቃዷን ለሦስት ዓመት ነጠቋት፤ አስተዳዳሪውም ከሥራው ተባረረ። መርማሪዎቹ በዚያው ወር የከተማውን አሳንሰሮች ሲያዩ፣ አምስት ሕንፃዎች ላይ ገዳቢው ታስሮ አገኙ። አንዱ በገመድ፣ አንዱ በቀበቶ። እነዚያ ተረስተው አልነበረም። የታሰሩት አሳንሰሩ እየቆመ እንዳያስቸግር ነው፤ ሰዎች በየቀኑ ተሳፍረውባቸው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

ክሬን እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ሆስፒታል ስትሄድ ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ክሬን ራሱ ወንበሩን አሳያት።

"ተቀመጪ። እናትሽ አረፉ አሉኝ" አለ። "ነፍስ ይማር።"

ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ይሄን ግን አልቻለችውም፤ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና አነባች። ሚስቱ ቀና ብላ አየቻት።

ከሆስፒታል በወጣበት ቀን ነርሷ በተሽከርካሪ ወንበር ገፍታ ወደ አሳንሰሩ ወሰደችው፤ ሚስቱና የአሳንሰር ባለሙያዋ ተከትለዋቸዋል። አራተኛ ፎቅ ነው። በሩ ሲከፈት ክሬን የወንበሩን ጎማ በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

"አልገባም።"

"ለወንበሩ ሌላ መውረጃ የለንም እኮ፣ ወንድሜ" አለች ነርሷ። "ይሄ ደህና ነው፤ በየወሩ ይታያል።"

ክሬን ወደ ባለሙያዋ ዞረ። "ደህና ነው?"

ጆሮዋን ወደ ክፍቱ በር አቅርባ አዳመጠች። ከላይ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"አላውቅም" አለች። "ላይ ወጥቼ ካላየሁት አላውቅም። እንዳላይ ደግሞ ተከልክያለሁ።"

በሩ ባዶውን ተዘጋ። ሚስቱ አንዱን ክንዱን፣ እሷ ሌላውን ትከሻቸው ላይ ጫኑና ደረጃውን ተያያዙት። ክሬን ከባድ ሰው ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አረፉ፤ ሁለተኛው ላይም አረፉ። ሚስቱ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "ያዢው፣ እንዳይወድቅብን" አለቻት።

"ይዤዋለሁ" አለች።

ከግድግዳው ማዶ አሳንሰሩ ሰው ጭኖ ወደ ታች ሲያልፍ ሦስቱም ቆመው ድምፁን እያዳመጡ፣ ምድር ቤት ደርሶ እስኪቆም ድረስ ጠበቁ።