ጎርፍ ሲጠራ ሰላምታ የለም

የራያ ሰው ተመርቆ ዝም ማለት አይሆንለትም። ምርቃት ሰምቶ «አሚን» ሳይል ካለፈ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነው ይውላል። ራዊያን መከራዋን ያበላት ይኸው ደግ ጠባይ ነው።

ራዊያ የሼህ ታሂር ልጅ ናት። አባቷ ከቆቦ ወረድ ብሎ ላለው መንደር የውሃ አባት ናቸው፤ ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፍ ሲወርድ ሰው ጠርተው፣ በቦይ አስጠልፈው፣ ለየማሳው በተራ ያካፍላሉ። ጥሪው ከድሮ ጀምሮ በጩኸት ነበር፤ አንዱ ለሌላው እየተቀባበለ። ነፋስ የዞረ ቀን ግን ጩኸቱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ውሃውም ማንም ሳይነካው ያልፋል።

ልጅቱ ደግሞ ቆቦ የተከፈተው የዕድሜ ልክ ትምህርት ማዕከል ገብታ ኮምፒዩተር ትማራለች። አስተማሪዋ ሀስና የተማራችሁትን ለሰፈራችሁ አውሉት ብትላቸው፣ ራዊያ ለገበሬው የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። ተራራው ሥር ያለው አራጌ ጎርፉን ሲያይ ይጽፋል፣ ሰው አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ በቃ። ሼህ ታሂር እየከበዳቸውም ቢሆን እሺ አሉ።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ጎርፍ መጣ። ወይ ጉድ! የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ሽማግሌ በድምፅ መልእክት መርቀው ኖሯል። እስላሙ «አሚን»፣ ክርስቲያኑ «አሜን»፣ መጻፍ የማይችለው የተዘረጋ እጅ ምስል፤ ሲዥጎደጎድ ዋለ። የአራጌ መልእክት ከመሀል ተቀበረ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሰው ሌላ አሚን ነው እያለ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ውሃው አለፈ።

ሼህ ታሂር አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ማሽላው ሁለተኛ አይታገሥም» አሏት። «የሚመጣው ጎርፍም ካመለጠን ማዕከሉን ትተሽ እቤትሽ ትቀመጫለሽ።»

ራዊያ ከአባቷና ከአራጌ በቀር ማንም እንዳይጽፍ ግሩፑን ዘጋችው። ይህን ማድረግ ለእሷ ቀላል ነው። የከበደው ሌላው ነው። ጎረቤቷ እትየ ፈሪሀ አጥር ድረስ መጥተው፣ ምን በደልንሽና ነው አሚን እንዳንል አፋችንን ያስያዝሽን ብለው ወቀሷት። ሌሎቹ ምንም ሳይሉ ከግሩፑ ወጡ። ሰው ከወጣ ደግሞ አራጌ ለማን ሊጽፍ ነው?

ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አድራ፣ በማግስቱ አባቷን ቦይ ሲጠርጉ አገኘቻቸውና፣ ጎርፍ ሲጠሩ ቆሞ ሰላም የሚላቸው ሰው እንዳለ ጠየቀቻቸው።

ሼህ ታሂር ቀና አሉ። «ጎርፍ ሲጠራ ሰላምታ የለም። የወለደሽ አባትሽ ቢሆን ጥለሽው ትሮጫለሽ። ሰላምታው ውሃው ማሳ ከገባ በኋላ ነው።»

«እንዲያው ይህችኑ ለስልኩ ይንገሩልኝ» አለችና ድምፃቸውን ቀድታ ለግሩፑም ለወጡትም ላከችው። ከውሃ አባት ጋር ምን ቆርጦት የሚሟገት? የወጣው ሁሉ ተመለሰ።

ነሐሴ ላይ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለ የአራጌ መልእክት ገባ። «ጎርፍ ተነሥቷል።» ጠበቀች። ዝም። ያን ሁሉ አሚን ስትረግም የከረመች ልጅ፣ ያ ረቢ፣ አሁን አንዲት አሚን ናፈቀች። ማንም አላየው ይሆን? ሀስናን አስፈቅዳ ባጃጅ ያዘች፤ መንገዱ ሲያልቅባት ሮጠች።

መንደሩ በሞላ ቦይ ውስጥ ነበር። ወንድ ሴቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ አፈር ይደለድላል፣ ቅርንጫፍ ይጎትታል። እትየ ፈሪሀ ዐይኗን አይተው ፊታቸውን ወደ አካፋቸው መለሱ። ሰላም ያላት አንድም ሰው የለም። ራዊያ በዕድሜዋ እንዲህ የሚያስደስት መዘጋት ገጥሟት አያውቅም። ጫማዋን ወርውራ ገባች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው ማሳ ጠጣ። ሼህ ታሂር ጭቃ በጭቃ እጃቸውን ዘረጉና ስልኩን አምጪው አሏት። በገዛ ፈቃዳቸው ስልክ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነው። አፋቸውን አስጠግተው፣

«አልሐምዱሊላህ፣ ውሃው ገብቷል» አሉ። «ልጄ ነገም ወደ ትምህርቷ ትሄዳለች። መርቁልኝ።»

ራዊያ ግሩፑን ለሁሉም ከፈተችው። ስልኩ ባትሪው እስኪያልቅ ጮኸ።