ታውቩ ላይ የተነፋ ፊሽካ

ቅናት የሰነፎች በሽታ ነው የሚሉ ሰዎች የገዛ እጃቸው የሠራው ነገር ዓይናቸው እያየ ተወስዶባቸው አያውቅም። ኡናይሲ ሰነፍ አልነበረችም። የናሴሌ መንደር ወንዶች ለሴት ራግቢ ሜዳ አንሰጥም ባሉ ጊዜ፣ ማዕበሉ ሸሽቶ አሸዋው ሲጠነክር ሴቶቹን ባሕር ዳር እየሰበሰበች ያሠለጠነች እሷ ናት። አሥር ቁጥር ለብሳ ጨዋታውን የምትመራው፣ ኳሷ ወደ ማን እንደምትሄድ የምትወስነው እሷ ነበረች። ያኔ ሜዳ የከለከሉት እነዚያው ወንዶች ዛሬ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለ ሴቶች ስፖርት እድገት ንግግር ያደርጋሉ፤ አፍረውም አያውቁ። የኡናይሲ ጉልበት ግን ተበጠሰ። ሐኪሙ ከእንግዲህ መሮጥ እንጂ መጋጨት አይሆንልሽም አላት። ሳትጋጪ ራግቢ ተጫወቺ ማለት ሳትረጥቢ ዋኚ እንደማለት ነው።

ቦታዋን የወሰደችው ሚሊያኬሬ ናት። ሚሊያኬሬ ከዋይኩላ መንደር በጋብቻ የመጣች ናት፤ ናሴሌና ዋይኩላ ደግሞ ታውቩ ናቸው። አያቶቻቸው አንድ መንፈስ ያመልኩ ስለነበር የሁለቱ መንደር ሰዎች እስከ ዛሬ እርስ በርሳቸው እንዳሻቸው ይሰዳደባሉ። አንዱ የሌላውን ድስት ከነጎደሬው ከእሳት ላይ አንሥቶ ቢሄድ ባለድስቱ ይስቃል እንጂ አይከስስም። በታውቩ የተቆጣ ሰው የተዋረደው እሱ ነው። እናም ሚሊያኬሬ አንድ ጠዋት የኡናይሲን አሥር ቁጥር ማሊያ ከማስጫው ገመድ አውርዳ፣ ለብሳው ልምምድ ስትመጣ መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ኡናይሲም ሳቀች። ምን ታድርግ? ልማዱ ለወሳጇ ቀልድ፣ ለተወሰደባት ሳቅ ደልድሏል፤ ለቅናት ያስቀመጠው መደብ የለም።

ከሁሉ የከፋው የሚሊያኬሬ ችሎታ ነበር። ደካማ ብትሆን ኡናይሲ ዳር ቆማ ባዘነችላት፣ በመከረቻት፣ እንቅልፍም በወሰዳት። ሴትዮዋ ግን ኳሷን ስትቀበል አንገቷን እንኳ ሳታዞር ማን የት እንደቆመ ታውቃለች። ኡናይሲ ያንን ለመማር ዓመታት ፈጅቶባታል፤ ሚሊያኬሬ ይዛው የተወለደች ትመስላለች።

ኡናይሲ የዳኝነት ሥልጠና ወሰደች። የመጀመሪያ ጨዋታዋን ሌላ ወረዳ እንድትመራ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ናሴሌ ከናኮሮሳ መንደር ጋር በምትጫወትበት ቅዳሜ ወንዙ ሞልቶ የተመደበው ዳኛ ማዶ ቀረ። ከዋና ከተማዋ ከሱቫ ደግሞ ቶሪካ የምትባል የብሔራዊ ቡድን መልማይ መጥታ ዳር ተቀምጣለች፤ አሥር ቁጥር እንደምትፈልግ ያልሰማ የለም። ጨዋታው ሊሰረዝ ሲል ፊሽካ ያላት ኡናይሲ ብቻ መሆኗ ታወቀ። የናሴሌ ሰው ናሴሌን እንዴት ትዳኛለች ብለው ሽማግሌዎቹ ሲያንገራግሩ ኪኒሲሜሬ ገላገለቻቸው። ኪኒሲሜሬ የናኮሮሳ አምበል ናት፤ በር የምታህል ሴት።

“ትዳኝ” አለች። “ለዚያች አሥር ቁጥር ይህቺ ሴትዮ ታዳላላታለች ብላችሁ ነው? እኛስ ተጠቀምን።”

ሁሉም ሳቁ። የኡናይሲ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ማንም አያውቅብኝም ያለችውን ነገር አገር ሁሉ ሲያወራው ከርሟል ማለት ነው።

ጨዋታው ሲጀመር የገዛ ዓይኗ አልታዘዝ አላት። ሠላሳ ሴቶች በሚራወጡበት ሜዳ የምታየው አንዷን ብቻ ሆነ። ሚሊያኬሬ ሁለት ሰው አታልላ ለጓደኛዋ አቀበለች፤ ጓደኛዋ መስመሩን አልፋ ኳሷን መሬት አስነካች፤ ኡናይሲ ግን ፊሽካዋን ነፍታ ነጥቡን ሻረች። በራግቢ ኳስ በእጅ ወደፊት ማቀበል ክልክል ነው፤ ቅብብሉ ደግሞ ወደፊት ሄዷል። እውነትም ሄዷል፣ በስንዝር ያህል። ስንዝሯን ያየችው ስንዝር ስትፈልግ ስለነበር ነው።

“ኳሷን የገፋት ነፋሱ ነው” አለቻት ሚሊያኬሬ እየሳቀች። “እስቲ እሱንም አስጠንቅቂው።”

ዳር ያሉት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በታውቩ ደንብ ዳኛዋ የባሰ ስድብ መመለስ ነበረባት፤ ኡናይሲ ግን ጨዋታው እንዲቀጥል በእጇ አመለከተች። በእረፍት ሰዓት ኪኒሲሜሬ የኮኮናት ውሃ እየጠጣች መጣችና ቡድኗ ሁለቴ ከጨዋታ ውጭ ቆሞ ሳይቀጣ እንዳለፈ ራሷ ነገረቻት። “እትዬ ዳኛ፣ እኛም እኮ እዚህ ሜዳ ላይ አለን” አለቻት። “አጥፍተን እንኳ የሚያየን አጣን።”

ይህ ስላቅ ከሳቁ ሁሉ የባሰ ዘልቆ ገባ። ኡናይሲ ለሁለተኛው አጋማሽ ስትገባ ለራሷ ማለች፤ ሚሊያኬሬን አልነካም። ሰው በቅናቱ ሲያፍር የሚሠራው የመጀመሪያ ስህተት ይኸው ነው፤ ቸር ይሆናል። የሚቸረው ደግሞ ከሌላ ሰው ኪስ አውጥቶ ነው።

የዚህ ቸርነት ዕዳ የወደቀው ሎሳና ላይ ነው። ሎሳና የናኮሮሳ የክንፍ ተጫዋች ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች። ኳስ ይዛ በመስመሩ ስትበር ሚሊያኬሬ ከጎን ደረሰችባትና አንገቷን በክንዷ ጠምጥማ ጣለቻት። ኡናይሲ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበረች፤ አየች። ፊሽካው ከንፈሯ ላይ ነበር። ግን “ቀናች” የሚለው ቃል ከየአፉ ሲወጣ አስቀድሞ ተሰማትና አልነፋችም። ሚሊያኬሬ ከሎሳና እጅ ያመለጠችውን ኳስ አንሥታ ሜዳውን አቋርጣ ሮጠች፤ ከምሰሶዎቹ መሐል መሬት አስነካች። ናሴሌ መራች። ማንጎ ዛፉ ሥር ያሉት ወንዶች ተነሥተው ጨፈሩ፤ መልማይዋ ቶሪካ ጎንበስ ብላ ጎኗ ላለው ሰው አንድ ነገር አለች።

ሎሳና አልተነሣችም። ከዚያ ተነሣች፤ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ። አላለቀሰችም፣ አልከሰሰችም። ዳኛዋን አየት አድርጋ ወደ ቦታዋ መራመድ ጀመረች። ፍትሕ እንደማታገኝ አስቀድማ እንደምታውቅ ሰው ነበር አረማመዷ።

ኡናይሲ ያኔ ነፋች። ከነጥቡ በኋላ ጨዋታው ገና ስላልቀጠለ ወደ ጥፋቱ መመለስ ደንቡ ይፈቅድላታል። ነጥቡን ሻረች፣ ቅጣት ምቱን ለናኮሮሳ ሰጠች፤ ሚሊያኬሬን ጠርታ ቢጫውን ካርድ አወጣች፤ በራግቢ ቢጫ ማለት ለአሥር ደቂቃ ከሜዳ መውጣት ነው።

ሜዳው ተንጫጫ። ሚሊያኬሬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እንደ ልማዷ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

“ታውቩዬ፣ ጉልበትሽ ነው የተበጠሰው ሲሉኝ ልብሽም ነው ለካ። ቀናሽ በይ።”

ሕዝቡ ለመሳቅ ተዘጋጀ። ኡናይሲ ግን አልሳቀችም፣ አልተሳደበችም።

“አዎ፣ እቀናብሻለሁ” አለች። “ማሊያውን ከወሰድሽበት ቀን ጀምሮ። የልጅቷን አንገት ያነቅሽው ግን አንቺ ነሽ። ውጪ።”

ለታውቩ ቀልድ የምር መልስ የሰጠ ሰው በሕይወት ያሉት አላዩም፤ አንዲት አሮጊት ደንግጣ አፏን በሽርጧ ጫፍ ሸፈነች። ሚሊያኬሬ ፊቷ ተለወጠ። ወጥታ መስመሩ ዳር ተቀመጠች። ናሴሌ በአሥራ አራት ሰው ቀረች፤ ኪኒሲሜሬም ሊያስቆሟት የተንጠለጠሉባትን ሦስት ሴቶች ተሸክማ መስመሩን አለፈች። ናኮሮሳ አሸነፈች።

ማምሻውን የመንደሩ አለቃ ኡናይሲን አስጠራት። የናሴሌ ሰዎች የተከፉት በመሸነፋቸው ነበር፤ ሲናገሩ ግን ነገሩን የልማድ አደረጉት። ስለ ሎሳና አንገት ከእነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች አንድም የጠየቀ አልነበረም። በታውቩ የተቆጣ ሰው ያንጎና የሚባል የተክል ሥር ይዞ ቀርቦ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሥሩ ተወቅጦ በውሃ ይታሽና ሁሉም በየተራ ይጠጣል። ኡናይሲ ሥሩን ይዛ ሰሌኑ ላይ ቀረበች። የአለቃው አፈ ጉባኤ ስለ ምን ይቅርታ እንደምትጠይቅ እንድትናገር አዘዘ።

“ስለ ቃሉ” አለች። “ስለ ካርዱ አይደለም።”

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። አፈ ጉባኤው ሁለቱ አይነጣጠሉም ሊል ሲጀምር ሚሊያኬሬ ጣልቃ ገባች። ካርዱ ልክ ነው፣ ይቅርታው ይበቃኛል አለች። ተበዳይ የተባለችው ራሷ ይህን ስትል ሽማግሌዎቹ የሚሉት ጠፋቸው፤ መጠጡ ይቀዳ ተባለ። ሚሊያኬሬ ቀርባ ኡናይሲ አጠገብ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንቄ ስጥላት አይተሽኝ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ኡናይሲ አይቼ ነበር አለች።

“ታዲያ ምን ዝም አሰኘሽ?”

“ቀናች እንዳይሉኝ።”

“ለእኔ ምሕረት ለማድረግ ብለሽ ልጅቷን ልታስገድያት ነበር” አለች ሚሊያኬሬ። “አትማሪኝ። ቅኚብኝ፤ ግን አትማሪኝ።”

በዚያው ቅጽበት ከበሩ በኩል ዜና ገባ። ቶሪካ ከመሄዷ በፊት ስም ትታለች፤ ሚሊያኬሬ ሰኞ ሱቫ ወዳለው የብሔራዊ ቡድኑ ካምፕ ትገባለች። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። በቢጫ ካርድ የወጣች ተጫዋች፣ ቡድኗ የተሸነፈ፣ ሰው ያነቀች፤ ተመረጠች። እሷ ጉልበቷ ደህና በነበረበት ዘመን ሁሉ አንድም መልማይ ይህን መንገድ ረግጦ አያውቅም። አጨበጨበች፤ መዳፏ እስኪቃጠል።

ሚሊያኬሬ ወደ እሷ ዞረች፤ አሁን ድምፅዋ ለቤቱ ሁሉ ነበር።

“ታውቩዬ፣ ሰኞ አውቶቡሱ ድረስ ትሸኚኛለሽ አይደል?”

“አልሸኝሽም” አለች ኡናይሲ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ ጭናቸውን መቱ፤ ታውቩው ወደ ቦታው ተመለሰ ብለው ደስ አላቸው። ኡናይሲ አልቀለደችም ነበር። ሚሊያኬሬ ይህን አውቃለች፤ አብራቸው ሳቀችና ተራዋ የደረሰውን ጽዋ ለኡናይሲ አሳልፋ ሰጠቻት።